የብራያን ኢኖ የመጀመሪያ ሸክላና የሐያስያን ፍርድ

አንድ አዲስ የጥበብ ሥራ በወጣበት ጊዜ የሚሰጠው ፍርድ ምን ያህል የጸና ነው? ለዚህ ጥያቄ የእንግሊዛዊው የብራያን ኢኖ ታሪክ ጥሩ ምሳሌ ይሆነናል።

ኢኖ በ1973 እ.ኤ.አ. ሮክሲ ሙዚክ ከተባለው የሙዚቃ ጓድ ተለይቶ፤ «ሂር ካም ዘ ዎርም ጄትስ» የተባለውን የመጀመሪያ የግል ሸክላውን በ1974 አወጣ። ራሱን «ሙዚቀኛ ያልሆነ» እያለ የሚጠራው ይህ ሰው፤ ስልታቸው የማይጣጣም 16 ያህል ተጫዋቾችን ሆን ብሎ ሰበሰበ፤ ከግጭታቸው ያልታሰበ ነገር ይወለዳል ብሎ ነበርና። ግጥሙንም አስቀድሞ ትርጉም የሌለው ድምፅ እያዜመ፤ ኋላ ድምፁን ወደ ቃል እየለወጠ ጻፈው።

በዚያው ዓመት ሐያስያን ተለያዩ። ሌስተር ባንግስ በክሪም መጽሔት ሸክላውን አደነቀ፤ የሮሊንግ ስቶኑ ጎርደን ፍሌቸር ግን የሚያናድድና ፍሬ የሌለው ሆኖ አገኘው። ሆኖም ይኸው ሮሊንግ ስቶን በ2003 ምርጥ 500 አልበሞችን ሲዘረዝር 436ኛ አደረገው፤ በ2020 ደግሞ 308ኛ።

ሸክላው ያው ነው። ነገር ግን በመካከሉ ኢኖ በ1977 ከዴቪድ ቦዊ ጋር፤ ከ1978 ጀምሮም ከቶኪንግ ሄድስ ጋር በመሥራት ስልቱን ለብዙ አድማጭ አለማምዶ ነበር። የለመደ ጆሮ ደግሞ መለኪያው ሌላ ነው።

ስለዚህ ሂስ ስናነብ፤ ሐያሲው ሰማሁ ያለውን ነገር ከወሰነው ፍርድ ለይተን ማየት ይገባናል። መግለጫው ትክክል ሆኖ ሳለ ፍርዱ ሊያረጅ ይችላልና።