ፎቶም እንደ ቡና ይቀመሳል

ትልቁ ካሜራ ከስልካችሁ በምን ይበልጣል? ለማወቅ የቡና ቀማሾችን መንገድ ተከትለን ደዶ ድረስ ሄድን።

ሳሎናችሁ ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን የአያት ወይም የአባት ትልቅ ፎቶ እስቲ ቀረብ ብላችሁ ተመልከቱት። በብዙ ቤት ያ ፎቶ ከጉርድ ፎቶ ላይ ተወስዶ ተለቅ ተደርጎ የታተመ ነው። ዓይናቸው ደብዝዟል፤ የጋቢያቸው ጠርዝ ከኋላው መጋረጃ ጋር ተቀላቅሏል። ብዙ ጊዜ የሚታተመውም እሳቸው ካረፉ በኋላ፣ ለሐዘን ቤት በጥድፊያ ነው።

ዛሬ እያንዳንዳችን ኪስ ውስጥ ካሜራ አለ። ሆኖም "የእማማን አንድ ጥሩ ፎቶ ፈልጉ" ሲባል አሁንም እንቸገራለን። ስልካችን ውስጥ ካሉት በሺህ የሚቆጠሩ ፎቶዎች አንዱ ጨልሟል፣ አንዱ ተንቀሳቅሷል፣ ሌላው በቴሌግራም ከሰው ወደ ሰው ሲተላለፍ ጥራቱ ወርዷል። ታዲያ መፍትሔው ውድ ካሜራ መግዛት ነው? ፎቶግራፍ የሚወድ ሰው ባለበት ቤት ሁሉ ይህ ጥያቄ አንድ ቀን መነሣቱ አይቀርም። ጥያቄው የቤተሰብን ገንዘብ የሚነካ ስለሆነም በወሬ ብቻ ባይመለስ ይሻላል።

አፈ ሰፊው ገበቴ

በመጀመሪያ ልዩነቱ ከየት እንደሚመጣ እንይ። በካሜራ ውስጥ ድሮ ፊልሙ በነበረበት ቦታ ዛሬ ሴንሰር የሚባል ብርሃን ተቀባይ አለ። ዝናብ ሲጥል ደጅ ላይ ብርጭቆና ገበቴ ጎን ለጎን ብታስቀምጡ በሁለቱም ላይ የሚዘንበው አንድ ዝናብ ነው። ብዙ ውኃ የሚያጠራቅመው ግን አፈ ሰፊው ገበቴ ነው። ሴንሰርም እንደዚያው ነው። ሰፋ ሲል ብዙ ብርሃን ይሰበስባል፤ ብዙ ብርሃን የሰበሰበ ፎቶ ደግሞ ጥላ ውስጥ ያለውን ነገር ሳያዥጎረጉር ያሳያል።

መጠኑን በቁጥር እንየው። የአንድ ጥሩ ስልክ ዋና ካሜራ ሴንሰር 10 በ7 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ሌንሳቸው የሚቀየር አነስተኛ ካሜራዎች፣ ማለትም ኤ.ፒ.ኤስ.ሲ የሚባሉት፣ 23.5 በ15.6 ሚሊ ሜትር አላቸው። ፉል ፍሬም የሚባለው 36 በ24 ነው። ዲጂታል ሚዲየም ፎርማት የሚባሉት እንደ ፉጂፊልም ጂ.ኤፍ.ኤክስና እንደ ሃሰልብላድ ኤክስ ያሉት ደግሞ 43.8 በ32.9 ሚሊ ሜትር ናቸው።

እነዚህን ቁጥሮች ስታባዙ አንድ ጠቃሚ ነገር ታገኛላችሁ። ሚዲየም ፎርማት በስፋት ከስልክ ወደ 20 እጥፍ፣ ከፉል ፍሬም ግን 1.7 እጥፍ ብቻ ይበልጣል። ከስልክ ወደ ትንሹ ካሜራ ስትሸጋገሩ እንኳን ስፋቱ 5 እጥፍ ያድጋል። ስለዚህ ትልቁ ዝላይ የመጀመሪያው ነው፤ ከዚያ በላይ ስትወጡ ዋጋው በፍጥነት ይጨምራል፣ የሚታየው ልዩነት ግን እየጠበበ ይሄዳል።

ሚዲየም ፎርማት አዲስ ነገር አይደለም። በፊልም ዘመን 6 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው ፊልም የሚሠሩ ካሜራዎች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1969 አፖሎ 11 ጨረቃ ላይ ሲያርፍ ጠፈርተኞቹ የያዙትም የሃሰልብላድ ሚዲየም ፎርማት ካሜራ ነበር። ዲጂታሉ በእጅ ተይዞ ሜዳ ለሜዳ የሚዞር ቀለል ያለ መሣሪያ የሆነው ግን በቅርቡ፣ ከ2016 እና 2017 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ነው።

ደዶ ለምን ተመረጠች?

ካሜራን የሚፈትነው አስቸጋሪ ብርሃን ነው፤ አስቸጋሪ ብርሃን ደግሞ ደዶ ሞልቷል። ከጅማ ከተማ ወደ ደቡብ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ስትጓዙ የምታገኙት ይህ ወረዳ ከደጋው ተነሥቶ እስከ ጎጀብ ወንዝ ሸለቆ ድረስ ይወርዳል። ማለዳ ሸለቆው ላይ ጉም ይተኛል። ቡናው የሚበቅለው በዋንዛ፣ በሰሳና በብርብራ ጥላ ሥር ነው። ከቅጠሎቹ መካከል የሚገባው ፀሐይ እንደ ባትሪ ያበራል፤ አጠገቡ ያለው ጥላ ደግሞ ድቅድቅ ነው። እዚያ ጥላ ውስጥ ነጭ ነጠላ የለበሰች ጠይም ሴት ስትቆም ካሜራው ከነጠላውና ከፊቷ አንዱን እንዲመርጥ ይገደዳል።

እናም ባለፈው ኅዳር፣ ለቀማው በደራበት ሰሞን፣ የእናቴ ታላቅ እህት ወደሚኖሩበት ደዶ ሦስት ካሜራ ይዘን ሄድን። የመጀመሪያው ስልክ ነው። ሁለተኛው ባለ 24 ሜጋፒክስል ኤ.ፒ.ኤስ.ሲ ካሜራ ነው። ሦስተኛው ከፎቶ አንሺ ወዳጃችን የተዋስነው ባለ 51 ሜጋፒክስል ሚዲየም ፎርማት ነው።

ስሙ የተደበቀ ስኒ

የቡና ቅምሻ አይታችሁ ከሆነ ደንቡን ታውቁታላችሁ። ናሙናዎቹ እኩል ይቆላሉ፣ እኩል ይፈጫሉ፣ እኩል ውኃ ይፈስባቸዋል። ስኒዎቹ የሚለዩት በቁጥር ነው። ቀማሹ በማንኪያ እየማገ ነጥብ ይሰጣል፤ ቡናው የማን እንደሆነ የሚነገረው በኋላ ነው። ዝና ምላስን እንዳያታልል የተበጀ መላ ነው። እኔ የምሠራው በማርኬቲንግ ነው፤ ስም ዓይንን ምን ያህል እንደሚያታልል በየቀኑ አያለሁ።

እናንተም ካሜራ ስታወዳድሩ እንዲሁ አድርጉ። ሁሉንም በአንድ ቦታ፣ በአንድ ሰዓት፣ በትራይፖድ ላይ አስቀምጣችሁ አንሡ። ሁሉም እኩል ስፋት ያለው ትዕይንት ይያዝ። የኮምፒውተር ስክሪን ላይ እስከ መጨረሻው አጉልታችሁ አትፍረዱ፤ በዚያ መንገድ ባለብዙ ሜጋፒክስሉ ፎቶ ይበልጥ ስለሚጎላ ንጽጽሩ ይዛባል። ሁሉንም በእኩል መጠን አሳትሙና ከጀርባቸው ቁጥር ጻፉባቸው። ከዚያ ቤተሰቡ ይፍረድ።

እኛ አክስቴን ቡና ማድረቂያው አልጋ አጠገብ፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ አነሣናቸው። ነጭ ሻሽ አስረው፣ እጃቸውን ቀዩ እሸት ቡና ላይ አሳርፈው፣ ከጀርባቸው ደግሞ ጉም የለበሰው ሸለቆ ነበር። ፎቶዎቹን በሦስት መጠን አሳትመን እሑድ ከምሳ በኋላ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋናቸው።

በ10 በ15 ሴንቲ ሜትር፣ ማለትም በተለመደው የአልበም መጠን፣ ማንም መለየት አልቻለም። እንዲያውም ልጆቹ የስልኩን መረጡ፤ ቀለሙ ደመቅ ይላል። ይህን የመጽሔት ገጽ በሚያህል መጠን ግማሹ ገመተ፣ ግማሹ ሳተ። ይህም አያስገርምም፤ አንድ የኤ4 ገጽ በጥሩ ጥራት ለማተም ወደ 9 ሜጋፒክስል ይበቃል፤ ብዙ ስልኮች ደግሞ በተለመደው አሠራራቸው 12 ይሰጣሉ።

በ70 በ52 ሴንቲ ሜትር ግን ክርክሩ አበቃ። እናቴ ምንም ሳትጠየቅ ወደ አንዱ ሄዳ ቆመች። የሻሹ ሽመና ይታያል። ከዓይናቸው ጥግ የሚነሡት ሽብሽቦች አንድ በአንድ ይቆጠራሉ። ጥላ ውስጥ ያለው ጉንጫቸው ቀለሙን አልቀየረም፤ ሸለቆው ላይ ያለው ጉምም ነጭ ወረቀት አልሆነም። ቁጥሩን ስናገላብጥ ሚዲየም ፎርማቱ ነበር። የኤ.ፒ.ኤስ.ሲው ሁለተኛ ወጣ፤ ሁለት እርምጃ ራቅ ብሎ ለሚያየው ልዩነቱ ትንሽ ነው። የስልኩ ግን የእጃቸውን ቆዳ አለስልሶታል። ብዙ ስልኮች አንዴ ስትጫኑ በርካታ ፎቶዎች አንሥተው ያዋህዳሉ፤ ጥላን ያበራሉ፣ ቆዳን ያለሰልሳሉ። ለልደት ፎቶ ጥሩ ነው። ዕድሜ ልኩን ቡና የለቀመ እጅ ሲለሰልስ ግን የሌላ ሰው እጅ ይመስላል።

ገንዘቡ እና ሸክሙ

አሁን ወደ ዋጋው እንምጣ። ይህ ፉጂፊልም ጂ.ኤፍ.ኤክስ 50ኤስ 2 እ.ኤ.አ. በ2021 ሲወጣ ያለ ሌንስ 3,999 ዶላር ነበር። በ2024 የወጣው ባለ 102 ሜጋፒክስሉ ጂ.ኤፍ.ኤክስ 100ኤስ 2 ደግሞ 4,999 ዶላር። ሌንሱ ለብቻው ይገዛል። ይህን በዛሬው ምንዛሪ አስሉትና ከልጆቻችሁ የትምህርት ቤት ክፍያ ጎን አስቀምጡት።

ሸክምም አለው። ካሜራው ያለ ሌንስ 900 ግራም ያህል ይመዝናል። የባለ 102 ሜጋፒክስሉ አንድ ፎቶ ሳይጨመቅ ወደ 200 ሜጋባይት ስለሚሆን 64 ጊጋባይት ካርድ ላይ 300 ያህል ፎቶ ቢይዝ ነው። ሥራውም ዘገም ይላል፤ ለሚሮጥ ልጅ ስልኩ ይሻላል። ፉል ፍሬም ካሜራ ላይ ብርሃን በብዛት የሚያስገባ ሌንስ ከተገጠመ ደግሞ በደብዛዛ ብርሃን ሚዲየም ፎርማትን ሊስተካከል፣ አልፎም ሊበልጥ ይችላል።

በስልክ የሠራም ሰው ከእኛው መካከል አለ። ግርማ በርታ የአዲስ አበባን የመንገድ ሰዎች በስልኩ አንሥቶ በሠራቸው ፎቶዎች እ.ኤ.አ. በ2016 የጌቲ ኢሜጅስና የኢንስታግራምን ሽልማት አሸንፏል። ዓይኑ ካለ መሣሪያው ይታዘዛል። በሌላ በኩል በአይዳ ሙሉነህ አነሣሽነት በ2010 (እ.ኤ.አ.) በተጀመረው አዲስ ፎቶ ፌስት ላይ ተገኝታችሁ ከሆነ፣ ታትሞ የተሰቀለ ፎቶ ሰውን እንዴት አቁሞ እንደሚያስተያይ አይታችኋል።

ታዲያ ምን እናድርግ?

ፎቶውን የምታዩት ስልክ ላይና አልበም ውስጥ ከሆነ ገንዘባችሁን ያዙ፤ ስልካችሁ ይበቃል። ሌንሱን በንጹሕ ጨርቅ ጥረጉት፤ ሰውየውን ከቀትር ፀሐይ አውጡና ጥላ ጠርዝ ላይ አቁሙት። ዋናውን ፎቶ በቴሌግራም ስትልኩ በፋይል መልክ ላኩት። ፎቶግራፍን እንደ ትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ ከያዛችሁ ያገለገለ ኤ.ፒ.ኤስ.ሲ ወይም ፉል ፍሬም ግዙና የተረፈውን ገንዘብ ለጉዞና ለኅትመት አውሉት።

ሚዲየም ፎርማት የሚያስፈልገው ለአንድ ትልቅ የግድግዳ ፎቶ ከሆነ መግዛት አያስፈልጋችሁም። ካለው ባለሙያ ጋር ለአንድ ማለዳ ተዋዋሉ፤ ወይም ከሚያከራይ ተከራዩ። አያትና የልጅ ልጅ አብረው ሲነሡ የሌንሱን ቀዳዳ ወደ ኤፍ 8 አጥብቡት፤ ያለዚያ ትልቁ ሴንሰር አንዱን አጥርቶ ሌላውን ያደበዝዛል። ከጠዋቱ 12፡30 እስከ 2፡30 ያለው ብርሃን ለዚህ ተመራጭ ነው።

ወደ ደዶና አካባቢው ከሄዳችሁ አንድ ነገር አትርሱ። ማሳ ውስጥ ያየችሁት ሰው የመልክዓ ምድሩ ጌጥ አይደለም። ሰላምታ ይቅደም፤ "አዴ"፣ "ኦቦ" በሉ፤ ለማንሣት ፈቃድ ጠይቁ፤ እምቢ ካሉ አመስግናችሁ እለፉ። ፈቃደኛ ለሆነ ሰው ደግሞ የታተመ ፎቶ ላኩለት። እኛ ስንመለስ የአክስቴን ጎረቤቶች ፎቶ በፖስታ አሽገን በሚሄድ ሰው እጅ ላክን። አክስቴ ደውለው የነገሩን ስለ ሜጋፒክስል አልነበረም፤ አንዲት ጎረቤታቸው ከልጃቸው ጋር የተነሡት ፎቶ በቤታቸው ግድግዳ ላይ የተሰቀለ የመጀመሪያው መሆኑን ነው።

የቡና ለቀማው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ይቆያል። አበባው ደግሞ የበልግ ዝናብ ሲጀምር፣ በየካቲትና መጋቢት አካባቢ፣ ጫካውን በነጭ ይሸፍነዋል። ከሁለቱ አንዱን ምረጡ፤ ከዚያ በፊት ግን በቤታችሁ በዕድሜ ትልቁ ሰው ማን እንደሆነና ለመቆም የሚመቻቸው ማለዳ የትኛው እንደሆነ ጠይቁ።