ከነፃው ትምህርት በፊት የሚከፈለው

አዲስ አበባ፣ ሳሪስ አቦ ካለ የመንግሥት ትምህርት ቤት 12ኛ ክፍልን በከፍተኛ ውጤት የጨረሰች ልጅ እናስብ። አባቷ ቃሊቲ የቀን ሠራተኛ ናቸው፤ እናቷ እንጀራ ጋግረው ይሸጣሉ። አንድ የአሜሪካ ኮሌጅ ሙሉ ስኮላርሺፕ ሰጣት እንበል። ትምህርቱ፣ ዶርሙ፣ ምግቡ ሁሉ ተሸፍኗል። ቪዛ ለመጠየቅ ግን ሴቪስ ለሚባለው የተማሪዎች መመዝገቢያ 350 ዶላር፣ ለቪዛው ማመልከቻ ደግሞ 185 ዶላር ትከፍላለች። ይህ 535 ዶላር በ57 ብር ምንዛሪ 30,500 ብር ገደማ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ሥርዓቱ ከተለወጠ ወዲህ ዶላር ከ100 ብር በላይ ስለሆነ ያው ክፍያ 53,500 ብርን አልፏል። የአውሮፕላን ቲኬቱ ገና አልተነካም።

የድሃ ልጅ የውጭ ትምህርት ዕድል የሚያመልጠው ጎበዝ ስላልሆነ አይደለም። የሚያስቀረው ከዕድሉ በፊት ያለው ወጪና መንገዱን የሚያሳይ ሰው መታጣቱ ነው።

ቀድሞ ይህን ሸክም መንግሥት ይሸከመው ነበር። ከጣሊያን ወረራ በኋላ ዓፄ ኃይለ ሥላሴ ወደ እንግሊዝ፣ አሜሪካና ካናዳ ተማሪዎችን በመንግሥት ወጪ ልከዋል። በደርግ ዘመንም ከኦጋዴን ጦርነት በኋላ በሺዎች የሚቆጠሩ ልጆች፣ ወላጆቻቸውን በጦርነቱ ያጡ ጭምር፣ ኩባ ሄደው የወጣቶች ደሴት በሚባለው ስፍራ ተምረዋል። ያ ዘመን የራሱ በደል ነበረበት፤ ሆኖም ልጁን "ውጭ ዘመድ አለህ ወይ?" ብሎ የጠየቀው አልነበረም።

ዛሬ ግን ጥያቄው ይኸው ነው። ለአሜሪካ ኮሌጅ መግቢያ የሚወሰደው የኤስኤቲ ፈተና ከ100 ዶላር በላይ ያስወጣል፤ ለአቅመ ደካማ አሜሪካውያን ተማሪዎች የሚሰጠው ከክፍያ ነፃ የመሆን ዕድል ለኢትዮጵያውያን አይደርስም። ክፍያው በኢንተርኔት ሲሆን የአገር ውስጥ የባንክ ካርድ አብዛኛውን ጊዜ አይሠራም፤ ስለዚህ ውጭ ያለ ዘመድ በካርዱ ይከፍላል። ዘመድ የሌለው ደላላ ጋ ይሄዳል፤ "ፕሮሰሱን እናስጨርሳለን" የሚለው ደግሞ ገንዘቡን ከተማሪው የሚሰበስበው ከዕድሉ በፊት ነው።

ሌላው ችግር የድጋፍ ደብዳቤ ነው። መምህሩ ስለ ተማሪው የሚያውቀውን በእንግሊዝኛ ጽፎ በራሱ ኢሜይል መላክ አለበት። ብዙ ተማሪ በሚያስተምርበት ክፍል ይህን የጠየቀው ሰው ስለሌለ "ጎበዝና ሥነ ምግባር ያለው ነው" ብሎ ይጨርሰዋል። አንባቢው ኮሌጅ የሚፈልገው ግን ልጅቱ የሒሳብ ጥያቄን እንዴት እንደምትፈታ፣ ጓደኞቿን በምን እንደምታግዝ ነው።

መፍትሔው አልጠፋም። የአሜሪካ መንግሥት የትምህርት አማካሪ የሆነው ኢጁኬሽን ዩኤስኤ በአዲስ አበባው የአሜሪካ ኤምባሲ በኩል ያካሄደው ኦፖርቹኒቲ ፈንድስ የተባለ ፕሮግራም ይህንኑ ክፍተት ነበር የደፈነው፤ የፈተናና የማመልከቻ ክፍያን፣ እንዲሁም የጉዞ ወጪን ለችግረኛ ተማሪዎች ይሸፍን ነበር። ደብረ ብርሃን ያለው ኃይሌ ማናስ አካዳሚም አቅም ለሌላቸው ስኮላርሺፕ እየሰጠ ለዩኒቨርሲቲ ማመልከቻ ያዘጋጃል። የሃንጋሪ መንግሥት ስኮላርሺፕና ቡርስላሪ የሚባለው የቱርክ መንግሥት ስኮላርሺፕ ደግሞ ለማመልከት ገንዘብ አይጠይቁም፤ የቱርኩ የአውሮፕላን ቲኬትንም ይጨምራል። እነዚህን የሚያውቅ ተማሪ በሳሪስ አቦ ስንት ነው?

እንደ ሳሪስ አቦ ባሉ ሰፈሮች በየመንግሥት ትምህርት ቤቱ አንድ መምህር ለዚህ ሥራ ሰዓት ተቀንሶለት ቢመደብ፣ ክፍለ ከተማውና ውጭ ያሉ የሰፈር ልጆች ደግሞ ለፈተናና ለቪዛ ክፍያ የጋራ ሒሳብ ቢከፍቱ ብዙ ይለወጣል። የቱርኩ፣ የሃንጋሪውና የብዙዎቹ የአሜሪካ ኮሌጆች ማመልከቻ የሚዘጋው ከታኅሣሥ መጨረሻ እስከ የካቲት አጋማሽ ስለሆነ ዝግጅቱ 11ኛ ክፍል እንዳለቀ፣ በክረምቱ መጀመር አለበት።