አስራ አንድ ልጆች በአስራ አንድ ደቂቃ፦ «ዘ ላውድ ሃውስ» በምን ይመዘናል?

«ዘ ላውድ ሃውስ»ን የሚከታተሉ ሰዎች ሲገናኙ ክርክሩ አይቀርም። የትኛው ክፍል ይበልጣል? የትኛውስ ባይሠራ ይሻል ነበር? አንዱ «በሳቅ ገደለኝ» ይላል፣ ሌላው «ልጁ አሳዘነኝ» ይላል፣ ከዚያ ሁሉም በያዘው ይጸናል። እኔ ግን ይህን ክርክር ፈር የሚያስይዝ አንድ ጥያቄ አለ ብዬ አምናለሁ። አንድ ክፍል አይታችሁ ስትጨርሱ እንዲህ ብላችሁ ጠይቁ፦ ከ11ዱ ልጆች 9ኙን ብናወጣ ታሪኩ ይፈርሳል ወይስ እንዳለ ይቆማል? ከፈረሰ ጥሩ ክፍል አይታችኋል። ምንም ሳይጎድልበት ከቆመ ግን የቀሩት ልጆች ለማድመቂያ ብቻ ነው የገቡት።

ፊልሙን ለማታውቁት ባጭሩ ላስተዋውቃችሁ። «ዘ ላውድ ሃውስ» ኒኬሎዲዮን ከግንቦት 2016 ጀምሮ የሚያሳየው የአሜሪካ አኒሜሽን የቤተሰብ ኮሜዲ ነው። ታሪኩ የሚካሄደው ሚሺጋን ውስጥ፣ ሮያል ዉድስ በምትባል የፈጠራ ከተማ ነው። ዋናው ገጸ ባህሪ ሊንከን ሲሆን መጀመሪያ ላይ 11 ዓመቱ ነው፤ አምስት ታላላቅ፣ አምስት ታናናሽ እህቶች አሉት። ሐሳቡን ያመነጨው ክሪስ ሳቪኖ ራሱ 10 ልጆች በነበሩበት ቤት ያደገ ሰው ነው። በ2017 ጾታዊ ትንኮሳ ፈጽሟል የሚሉ ክሶች ሲቀርቡበት ኒኬሎዲዮን ከሥራ አሰናብቶታል፤ ዝግጅቱም በሌሎች እጅ ቀጥሏል። በ2014 የተሠራው የመጀመሪያው አጭር ሙከራ የሚያሳየው ሊንከን በእህቶቹ በተሞላው ኮሪደር አልፎ መጸዳጃ ቤት ለመድረስ ሲታገል ነው። የፊልሙ ፍሬ ነገር ከዚያን ጊዜ ጀምሮ አልተለወጠም፦ አንድ ትንሽ ፍላጎት፣ መንገዱ ላይ የቆመ ብዙ ሰው።

ቤቱ እንዴት እንደተከፋፈለ ልብ በሉ፤ የብዙው ታሪክ ምንጭ እሱ ነው። አስሩ እህቶች በአምስት መኝታ ቤት ሁለት ሁለት ሆነው ይተኛሉ፤ ጥንዶቹም አብዛኞቹ እሳትና ጭድ ናቸው። ስፖርት ያበደችው ሊን የምትኖረው ጥቁር ለብሳ ግጥም ከምትጽፈው ከሉሲ ጋር ነው። መንትዮቹን ብታዩ ሎላ የቁንጅና ውድድር ዘውድ ታጠልቃለች፣ ላና ጭቃ ውስጥ ከእንቁራሪት ጋር ትጫወታለች። የ4 ዓመቷ ሊቅ ሊሳ ቤተ ሙከራዋን የዘረጋችው ሕፃኗ ሊሊ በምትተኛበት ክፍል ነው። ሊንከን ብቻውን ይተኛል፤ መኝታው ግን ቀድሞ የአንሶላና የፎጣ ማስቀመጫ የነበረች ጠባብ ክፍል ናት። በዚህ ላይ መታጠቢያ ቤቱ አንድ ነው። ደራሲው ከውጭ ችግር ማምጣት አያስፈልገውም፤ ሁለት በር መክፈት ይበቃዋል።

ከባዱ ነገር ሰዓቱ ነው። አብዛኛው ክፍል የሚፈጀው 11 ደቂቃ ያህል ስለሆነ ለአንድ ልጅ አንድ ደቂቃ ቢደርስ ነው። በዚያች ደቂቃ ተመልካቹ ማን ማን እንደሆነች ካላወቀ ሁሉም ነገር ይደበላለቃል። ስለዚህ እያንዳንዷ በመልኳ፣ በልብሷ ቀለምና በአነጋገሯ ገና ከሩቅ ትለያለች። ሉና ጊታሯን ይዛ፣ ሉዋን በቃላት እየቀለደች፣ ሉሲ ደግሞ ከየት እንደመጣች ሳይታወቅ ሰው አጠገብ ድንገት በመቆም ትገባለች። ይህ ሁሉ ግን ገና መሣሪያ ነው። ጥሩ ክፍል ማለት በዚህ መሣሪያ ሥራ የተሠራበት ነው።

እስቲ አንዱን ቀረብ ብለን እንየው። በመጀመሪያው ሲዝን ውስጥ «ዘ ስዊት ስፖት» የሚባል ክፍል አለ። ቤተሰቡ ረጅም መንገድ ሊሄድ ነው፤ ሊንከን የሚፈልገው በመኪናው ውስጥ ካሉት መቀመጫዎች ምርጡን ብቻ ነው። በጣም ትንሽ ነገር ነው። ግን አስቡት፦ ምርጡን መቀመጫ ለማግኘት ማን የት ብትቀመጥ ማንን እንደምትረብሽ ማስላት አለበት። ሉዋን አጠገብ መቀመጥ መንገዱን ሙሉ ቀልድ መስማት ነው፤ ላና አጠገብ ሲሆን ከኪሷ ምን እንደሚወጣ አይታወቅም። ሊንከን ይህን ሁሉ ያጠናል፣ ያቅዳል፣ ማታውኑ ቦታውን ሊይዝ ይሄዳል። እህቶቹ ሲሰሙ እያንዳንዷ የራሷን ምርጥ መቀመጫ ትፈልጋለች፣ ጠቡም ጉዞው ሳይጀመር ይፈነዳል። አሁን ጥያቄያችንን እንጠይቅ። ልጆቹ ሁለት ብቻ ቢሆኑ ኖሮ አንዱ በቀኝ፣ አንዱ በግራ ይቀመጥና ታሪኩ እዚያው ያልቃል። የሳቁ ምንጭ ቁጥሩ ራሱ ነው፤ ቁጥሩ ደግሞ የተለያየ ጠባይ ስላለው ነው ስሌቱ የሚከብደው።

«ስሉዝ ኦር ኮንሲኩዌንስስ» ይህንኑ በሌላ መንገድ ያደርገዋል። መጸዳጃ ቤቱ ተደፍኗል፤ ጥፋተኛው ካልተገኘ ሊንከን ሲጠብቀው የኖረው የኮሚክ መጽሐፍት ጉባኤ ይቀርበታል። ስለዚህ ከሉሲ ጋር ሆኖ ምርመራ ይጀምራል። ምርመራ የሚያምረው ተጠርጣሪ ሲበዛ ነው፤ እዚህ ቤት ደግሞ ተጠርጣሪ ሞልቷል፣ እያንዳንዷንም የሚያስጠረጥራት የራሷ ጠባይ አለ። መጨረሻ ላይ ጥፋቱ የራሷ የሉሲ ሆኖ ይገኛል። ያን ጨለማ የምትወድ ልጅ በድብቅ የምታነበው ስለ ልዕልትና ስለ ፈረስ ግልገል የሚያወራ መጽሐፍ ነው፤ ቧንቧውን የደፈነውም እሱ ነው። የምትፈራው ቅጣቱን አይደለም፤ የእህቶቿን መሳለቂያ መሆን ነው። ሊንከን ይህ ሲገባው ጥፋቱን በራሱ ላይ ይወስዳል። ይህ መሥዋዕትነት ልብ የሚነካው ለምን ይመስላችኋል? የሚስቁት ብዙ ስለሆኑ ነው። አንዲት እህት ብቻ ብትኖር የሉሲ ፍርሃት ያን ያህል አይከብድም፣ የሊንከንም ውለታ ያን ያህል አይገዝፍም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንደሚባለው፣ ታሪኩን ሁሉም ሲሸከሙት ያጌጣል።

«ታዲያ በሁለት ልጆች ላይ ብቻ ያተኮሩት ክፍሎች መጥፎ ናቸው?» ትሉኝ ይሆናል። አይደሉም። «ስፔስ ኢንቬደር» ሊን ወደ ሊንከን ክፍል ገብታ ስትኖር ነው የሚያሳየው፤ አብዛኛው ጊዜ የሁለቱ ነው። ነገር ግን ሊን የመጣችው ከሉሲ ጋር ስለተጣላች ነው፤ ሊንከንም የተቸገረው በዚህ ሁሉ ሕዝብ መሐል ያለችው ብቸኛዋ ጸጥታ ስለተወሰደችበት ነው። ሌሎቹ ባይታዩም ግፊታቸው ከግድግዳው ባሻገር ይሰማል። መስፈርቴ «ሁሉም ይናገሩ» የሚል አይደለም፤ የቤቱ ብዛት በታሪኩ ውስጥ ሥራ ይኑረው ነው የምለው።

አሁን ወደ አወዛጋቢው ክፍል እንምጣ፤ የ2017ቱ «ኖ ሳች ላክ»። ሊን በግጥሚያ ትሸነፍና ወንድሟን «ገደ ቢስ» ትለዋለች። ሊንከን መጀመሪያ ላይ ወሬውን ይጠቀምበታል፤ ከእህቶቹ ዝግጅቶች ቀርቶ ለራሱ ጊዜ ያገኛል። ከዚያ ግን ቤተሰቡ በሙሉ ያምነውና ከቤት ያስወጣዋል፤ ወላጆቹም ጭምር። ዕቃው ይሸጣል፣ ደጅ ያድራል። በመጨረሻም የሚቀበሉት የሽኮኮ ማስኮት ልብስ ለብሶ ነው፤ ገድ የሚያመጣው ልብሱ ነው ብለው ስላመኑ አውልቅ አይሉትም።

ብዙ ተመልካች የተቆጣው ለልጁ አዝኖ ነው፣ እኔም አዝኛለሁ። ቅጣቱ ከጥፋቱ ጋር አይመጣጠንም፤ አንድ ልጅ ትንሽ ዋሽቶ ከቤቱ ሊባረር አይገባም። ነገር ግን በጥያቄያችን ስንመዝነው ከዚያ የጠለቀ ጉድለት ይወጣል። ሊሳን አስቧት፤ ሳይንቲስት ናት፣ ገድ የሚባል ነገር ሰምታ ዝም ማለት አይሆንላትም። ሌኒን አስቧት፤ ከሁሉም የዋህ ናት፣ ወንድሟ ደጅ አድሮ እንዴት እንቅልፍ ይወስዳታል? ሉናስ? እያንዳንዷ በራሷ ጠባይ ብትሄድ ኖሮ ክርክር ይነሳ ነበር፣ ቤቱ ይከፈል ነበር፣ ታሪኩም ሕይወት ይኖረው ነበር። እዚህ ግን አስር እህቶችና ሁለት ወላጆች አንድ ሰው ሆኑ። ዘጠኙን ብታወጧቸውና አንዲት እህት ብታስቀሩ ክፍሉ ምንም አይለወጥም። ጭካኔውም የመጣው ከዚህ ነው፦ «ይህ ልክ አይደለም» የምትል አንዲት ድምፅ እንኳ እንዳትኖር ጠባያቸው ሁሉ ተነጥቋል።

ከ2020 ጀምሮ፣ በ5ኛው ሲዝን፣ ልጆቹ አንድ ዓመት ጨምረዋል። ትልቋ ሎሪ ዩኒቨርሲቲ ገብታለች፣ ሊንከንም መካከለኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጀምሯል። ታሪኩ ከቤት እየወጣ በሄደ ቁጥር ጓደኛና መምህር እየበዛ፣ የቤቱ ግፊት እየቀነሰ ይመጣል። እነዚህን ክፍሎች ስታዩ ጥያቄው ይበልጥ ይጠቅማችኋል፤ ትምህርት ቤት ውስጥ የሚሆነው ነገር ወደ ቤት ተመልሶ እህቶቹን ይነካል ወይስ የማንም ተማሪ ታሪክ ሊሆን ይችል ነበር?

ስለዚህ ቀጥሎ አንድ ክፍል ስትከፍቱ ሦስት ነገር ተመልከቱ። መጀመሪያ፣ ሊንከን ወይም እህቱ የምትፈልገው ነገር ትንሽና ግልጽ ነው? ትንሽ ፍላጎት ነው ለብዙ ሰው ቦታ የሚተው። ቀጥሎ፣ ከእሷ በቀር ሌላ ማንም የማያደርገውን ነገር ያደረገች እህት ስንት አለች? በጣታችሁ ቁጠሩ። በመጨረሻም ሁሉም በአንድ ላይ ሲያብሩ ቢያንስ አንዷ የምታመነታ አለች? ይህ የመጨረሻው ከሁሉም ይበልጥብኛል። ብዙ ልጆች ያሉበትን ቤት ቤት የሚያደርገው ሁሉም በአንድ ሐሳብ መስማማታቸው አይደለም፤ ማንም ሲገፋ ከጎኑ የሚቆም ቢያንስ አንድ ሰው ማግኘቱ ነው። «ዘ ላውድ ሃውስ» ይህን ባስታወሰበት ክፍል ሁሉ ያስቃልም፣ ልብም ይነካል።