የአብነት ትምህርት ቤት ፍልስፍናና የሕፃናት ደህንነት

በኢትዮጵያ የመጀመሪያው ዘመናዊ የመንግሥት ትምህርት ቤት የሆነው የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በ1900 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሥራ ከመጀመሩ አስቀድሞ ለብዙ መቶ ዓመታት ማንበብና መጻፍ በዋናነት ይገኝ የነበረው ከሃይማኖት ተቋማት ነበር። በእስልምናው በኩል የቁርኣን ትምህርት ቤት፣ በክርስትናው በኩል ደግሞ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የአብነት ትምህርት ቤት ይህን ኃላፊነት ተሸክመው ቆይተዋል። ለቤተ መንግሥትና ለአድባራት ጸሐፊዎችን ሲያፈራ የኖረው የአብነት ትምህርት ቤት ዛሬም በገጠርና በከተማ ሕፃናትን እየተቀበለ ያስተምራል።

አብነት ማለት ምሳሌ ወይም አርአያ ማለት ሲሆን፣ የትምህርት ቤቱ ፍልስፍናም ከስያሜው ይጀምራል። በዚህ ፍልስፍና መሠረት ዕውቀት ከመጽሐፍ ገጽ ብቻ የሚገኝ ሳይሆን ከመምህሩ አንደበትና አኗኗር የሚወረስ አደራ ነው። ሕፃኑ «የኔታ» ብሎ የሚጠራውን መምህር ንባብ፣ ዜማና ሥነ ምግባር እየተከተለ ያድጋል። ዓይነ ስውር ሊቃውንት ጭምር ጉባኤ ዘርግተው ሲያስተምሩ መኖራቸው ትምህርቱ በቃል የሚያዝና ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ በመሆኑ ነው።

ትምህርቱ የሚጀምረው በንባብ ቤት ነው። ሕፃኑ ፊደልና አቡጊዳ ከለየ በኋላ መልእክተ ዮሐንስን፣ ቀጥሎም 150 መዝሙራት ያሉትን ዳዊት ያነባል። ቀን ንባብ ሲማር ይውልና ማታ ብርሃን የማይጠይቀውን የቃል ትምህርት ያጠናል። ከዚህ የሚቀጥለው የቅዱስ ያሬድ ድርሰቶች የሚጠኑበት ዜማ ቤት ሲሆን፣ ቅኔ ቤትና የመጻሕፍት ትርጓሜ ቤት ይከተላሉ። ዳዊት ደግሞ ወደ እርሻው ወይም ወደ መንግሥት ትምህርት ቤት የሚመለስ ልጅም፣ እስከ ትርጓሜ ቤት የሚዘልቅም አለ።

የፍልስፍናው ሁለተኛ ምሰሶ እያንዳንዱ ተማሪ በችሎታው መጠን እንዲራመድ ማድረግ ነው። በአብነት ትምህርት ቤት ሁሉም በአንድ ቀን የሚዛወርበት የክፍል ደረጃ የለም። የዕለቱን ትምህርት ያደላደለ ወደሚቀጥለው ይሸጋገራል፤ ያላደላደለ ይደግመዋል። ነባሩ ተማሪ ጀማሪውን ስለሚያስጠና አንድ መምህር ብዙ ተማሪዎችን ለመያዝ ይችላል። አስጠኚውም በማስተማሩ የራሱን ዕውቀት ይፈትሻል።

ትምህርቱ ከሽምደዳ ያለፈ አይደለም የሚል ትችት ብዙ ጊዜ ይሰነዘራል። በታችኞቹ ደረጃዎች ቃልን ማጥናት እንደሚያመዝን የታወቀ ነው። በቅኔ ቤት ግን ተማሪው ከሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ተነሥቶ በሰምና ወርቅ የራሱን አዲስ ቅኔ እንዲቆጥር ይጠበቅበታል፤ የሌላውን ቅኔ የራሱ አስመስሎ ማቅረብ ያስነቅፋል። ስለዚህ በሕፃንነት የተያዘው ቃል በኋላ ለሚመጣው ፈጠራ ስንቅ ነው።

ሦስተኛው ምሰሶ ትሕትና ነው። ከቤተሰቡ ርቆ የሄደው የቆሎ ተማሪ ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ ይዞ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ቁራሽ ይለምናል። ይህ ሕይወት በሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥም ተሥሏል። በልማዱ የሀብታምም ሆነ የድሃ ልጅ እኩል እንዲለምን መደረጉ ትዕቢትን ለማስወገድ እንደሚረዳ፣ ኅብረተሰቡም ቁራሽ በመስጠት የትምህርቱ ተካፋይ እንደሚሆን ይታመናል።

ችግሩ የሚነሣውም ከዚሁ ነው። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት በአዋጅ የሕዝብ ሀብት ሲሆን ቤተ ክርስቲያን ይዞታዋን በማጣቷ ከመሬት በሚገኝ ገቢ ይተዳደሩ የነበሩ መምህራንና ጉባኤያት ዋነኛ መደገፊያቸው ተቋርጧል። የተማሪው ኑሮ ከቀድሞው ይበልጥ በልመና ላይ ወደቀ። ለጎልማሳ የቅኔ ተማሪ የፈቃድ ተጋድሎ የሆነው ረሃብና ብርድ ለሕፃን ግን የጤና አደጋ ነው። በጠባብ ጎጆ ተፋፍጎ ማደር ለተላላፊ በሽታ ያጋልጣል፤ ከመደበኛ ትምህርት መራቅም የወደፊት ምርጫውን ያጠባል።

በ1987 ዓ.ም. በሥራ ላይ የዋለው የኢፌዲሪ ሕገ መንግሥት ለዚህ ጉዳይ ሚዛን አስቀምጧል። አንቀጽ 11 መንግሥት በሃይማኖት ጉዳይ ጣልቃ እንደማይገባ ይደነግጋል። አንቀጽ 27 አማኞች የሃይማኖት ትምህርት ተቋማትን እንዲያቋቁሙ፣ ወላጆችም ልጆቻቸውን በእምነታቸው እንዲያሳድጉ ይፈቅዳል። በሌላ በኩል አንቀጽ 36 ሕፃናትን በተመለከተ በሚወሰዱ እርምጃዎች ሁሉ የሕፃኑ ደህንነት በቀደምትነት እንዲታሰብ፣ ሕፃኑም አካልን ከሚጎዳ ቅጣትና ለትምህርቱና ለጤናው ጎጂ ከሆነ ሥራ እንዲጠበቅ ያዛል። አንቀጽ 90 ደግሞ የመንግሥት ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነፃ እንዲሆን ያስገድዳል።

ከዚህ አንጻር የወረዳና የቀበሌ አስተዳደር ድርሻ የኔታ የሚያስተምሩትን መወሰን አይደለም። ድርሻው ጉባኤው ያለበትን ስፍራና በዚያ የሚኖሩትን ሕፃናት ቁጥር ማወቅ፣ ክትባትና የጤና ክትትል እንዲደርሳቸው ማድረግ፣ ንጹሕ ውኃና መጸዳጃ ቤት እንዲኖር ማገዝ ነው። መደበኛ ትምህርት በፈረቃ በሚሰጥባቸው አካባቢዎች የፈረቃው ሰዓት ከመምህሩ ጋር በመመካከር ቢቀናጅ ሕፃኑ ሁለቱንም ትምህርት ለመከታተል ይችላል። ምክክሩ መምህሩን፣ የሰበካ ጉባኤውንና ወላጆችን ካላካተተ ግን ቁጥጥር ተደርጎ ስለሚወሰድ ሕፃናቱ ከአገልግሎት ይበልጥ ሊርቁ ይችላሉ።

የአብነት ትምህርት መሠረቱ የመምህሩ አርአያነት፣ የተማሪው ትጋትና የኅብረተሰቡ ድጋፍ ነው። ከሦስቱ አንዱም የሕፃንን መራብ ወይም መታመም የግድ አይጠይቅም። ጠግቦ ያደረ ሕፃንም ዳዊቱን ይደግማል። ስለሆነም ፍልስፍናውን ከችግሩ ለይቶ መመልከት ለቅርሱም ለሕፃናቱም ጥበቃ የመጀመሪያው እርምጃ ነው።