ከጉልበት ቀዶ ጥገና በኋላ ሕመምን ማስታገስና ሶብር

ጉልበታቸውን ቀዶ ጥገና የሚደረግላቸው አባቶችና እናቶች አንድ ጥያቄ ያነሳሉ፦ «ማደንዘዣውን ትቼ ሕመሙን በሶብር ብችለው አጅሬ አይበዛም ወይ?»

ለዚህ የሚጠቀሰው የታቢዒዩ የዑርዋ ኢብኑ ዙበይር ታሪክ ነው። እግራቸው ሊቆረጥ ሲል አእምሮን የሚያስት መጠጥ ቢቀርብላቸው እንቢ ማለታቸው ይተረካል። ልብ በሉ፤ የእርሳቸው ሥጋት አእምሯቸውን ስተው ጌታቸውን ከማውሳት እንዳይዘናጉ ነበር። የነርቭ ማደንዘዣ መርፌ ግን አእምሮን አያስትም። በሽተኛው ነቅቶ ዚክሩን ያደርጋል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሕመም ከጉልበት ወደ አንጎል የሚደርሰው በነርቭ በኩል ነው። ባለሙያው በአልትራሳውንድ እያየ፣ በጭን ውስጥ በሚያልፈው ነርቭ ዙሪያ መድኃኒቱን ያፈሳል፤ መልእክቱም መንገድ ላይ ይቆማል። አንድ መርፌ እንደ መድኃኒቱ ዓይነት ከ12 እስከ 24 ሰዓት ያህል ያቆያል። በቀጭን ቱቦ ከተሰጠ እስከ 2 ወይም 3 ቀን ሊቆይ ይችላል። የጉልበት የኋላ ክፍል በሌላ ነርቭ ስለሚሰማ ሕመሙ ሙሉ በሙሉ ላይጠፋ ይችላል፤ ስለዚህ ኪኒንም ይታዘዛል። ሆኖም እንደ ሞርፊን ያሉ፣ ማቅለሽለሽ፣ ድብታና የሆድ ድርቀት የሚያመጡ መድኃኒቶች መጠናቸው ይቀንሳል።

ትልቁ ጥቅም ጉልበቱን ቶሎ ማንቀሳቀስ መቻሉ ነው። ሕመም ፈርቶ እግሩን ሳያጥፍ የተኛ ሰው መገጣጠሚያው ሊደርቅበት፣ እግሩ ውስጥም ደም ሊረጋበት ይችላል። ነገ ሩኩዕና ሱጁድ የሚፈልግ ሰው ዛሬ ጉልበቱን ማለማመድ አለበት። መታከም ደግሞ የነቢዩ (ሶ.ዐ.ወ) መመሪያ ነው፤ ሶብርንም አያጎድልም።

አደጋው መውደቅ ነው። በተለይ መርፌው ብሽሽት አካባቢ ከተሰጠ የጭን ጡንቻ ይዝላል። ዝቅ ብሎ ጭን መካከል ሲሰጥ ድካሙ ያንሳል፤ ቢሆንም እግሩን ማመን አይገባም። ለሱብሒ ሰላት ብሎ ብቻውን ከአልጋ የሚወርድ አለ፤ ይህን ቤተሰብ ይከልክል! ነቢዩ (ሶ.ዐ.ወ) በኪንታሮት ይሰቃዩ ለነበሩት ለዒምራን ኢብኑ ሑሰይን መቆም ካቃታቸው ተቀምጠው፣ እርሱም ካቃታቸው በጎናቸው ተኝተው እንዲሰግዱ ነግረዋቸዋል። በደነዘዘው እግር ላይ ትኩስ ውኃ የያዘ ጠርሙስም አታስቀምጡ፤ ሳይሰማው ይቃጠላል።

መርፌው በየሆስፒታሉ ላይኖር ስለሚችል አስቀድማችሁ ጠይቁ። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ ተናገሩ። መርፌው ሲሰጥ አፍ ዙሪያ ከደነዘዘ ወይም ጆሮ ከጮኸ ወዲያውኑ ለባለሙያው ንገሩት። ድንዛዜው ሲለቅ ሕመሙ በአንድ ጊዜ ሊመጣ ስለሚችል የታዘዘው ኪኒን ቀደም ብሎ ይወሰድ። ከተነገራችሁ ጊዜ አልፎ እግሩ እንደደነዘዘ ከቆየ ደግሞ ሳትውሉ ሳታድሩ ሐኪሙን አነጋግሩ።