ወረቀት አልባው መድረክና የጉለሌ ዛፎች

በቴአትር ቤት «ወረቀት ይቅር፣ በታብሌት እንሥራ» ሲባል ቀድሞ የሚጠቀሰው ምክንያት ዛፍ ነው፦ ወረቀት ከቀረ ደን ይተርፋል።

ጉለሌ የእጽዋት ማዕከል ያረፈበት የእንጦጦ ተረተር ግን ሌላ ይናገራል። እዚያ አገር በቀሉን ደን ያመናመነው ማገዶና የቤት መሥሪያ እንጨት ነው። በዐፄ ምኒልክ ዘመን የአውስትራሊያው ባሕር ዛፍ የተተከለውም አዲስ አበባ እንጨት ስለቸገራት ነበር። ማዕከሉ አሁን በባሕር ዛፉ ምትክ ጥድ፣ ኮሶና ወይራን የመሳሰሉትን እየመለሰ ነው። አገሪቱ የምትጠቀምበት ወረቀት ደግሞ አብዛኛው ከውጭ ይገባል። ስለ ጉለሌ ዛፎች የሚጨነቅ ሰው ከተውኔቱ ቅጂ ይልቅ ምድጃውን ቢያይ ይሻላል።

የታብሌቱ እውነተኛ ጥቅም ሌላ ቦታ ነው። በልምምድ ወቅት አዘጋጁ ሁለት መስመር ይሰርዛል፤ ተዋናዩ ያስተካክላል፣ የመብራት ባለሙያው አልሰማም። በመክፈቻው ምሽት መብራቱ የተሰረዘውን ቃል ሲጠብቅ ትዕይንቱ ያልፈዋል። ሁሉም የሚያየው አንድ ፋይል ካለ እንዲህ ያለው ስሕተት በእጅጉ ይቀንሳል።

ታብሌት ወረቀትን ጨርሶ ይተካል የሚለው ግን አያስኬድም። የመድረክ አስተባባሪው የመብራቱን፣ የድምፁንና የመጋረጃውን ኪው (የመነሻ ምልክት) በእርሳስ የሚጽፈው ነገ ስለሚለወጥ ነው። እርሳስ ባትሪ አያልቅበትም፤ መብራት ቢጠፋ በእጅ ባትሪ ይነበባል። የደመቀ ስክሪን ደግሞ የጨለመን ትዕይንት ከመድረኩ ጎን ሆኖ ያበላሻል፤ ካልደበዘዘና ጥሪው ካልተዘጋ ወደ ጨዋታ ሰዓት መግባት የለበትም። ተውኔቱ እንደ ጉለሌ ባለ ክፍት ቦታ ቢታይ የቀትር ፀሐይ ስክሪኑን አያስነብብም። የክረምት ዝናብ ግን ወረቀቱንም አይምርም።

ዲጂታል ፋይል አይጠፋም የሚሉም አሉ፤ የዕፅዋት ናሙና አያያዝ ግን ሌላ ያስተምራል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ብሔራዊ የዕፅዋት ቤተ መዘክር የደረቁ ናሙናዎችን በወረቀት ላይ ለጥፎ ያኖራል። እ.ኤ.አ. በ1980 ተጀምሮ በ2009 የተጠናቀቀው ባለ ስምንት ቅጽ የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት መጽሐፍ የተሠራው እንዲህ ያሉ ናሙናዎች እየተመረመሩ ነው። ናሙናው ፎቶ ቢነሣም ወረቀቱ አይጣልም። በአንድ ሰው ላፕቶፕ ብቻ ያለ የተውኔት ፋይል ግን ከማሽኑ ጋር ይሄዳል። ስለዚህ ለውጡ ሁሉ በፋይል ያልቅ፤ የመጨረሻው ቅጂ በመክፈቻው ዋዜማ ይታተም፤ ትርኢቱ ሲያበቃም ከነእርሳስ ምልክቱ ወደ ቴአትር ቤቱ መዝገብ ቤት ይግባ።