ባላገሩን ሳይጠይቁ ተራራ መቆፈር

ማዕድን ለአገር ሀብት መሆኑን የሚክድ የለም። ነገር ግን ከመሬት በታች ያለውን ለማውጣት የሚነሣ ሁሉ፥ ከመሬት በላይ የሚኖረውን ሰው አስቀድሞ ሊጠይቅ ይገባዋል። ይህንንም በሕንድ አገር የሆነው ነገር በግልጥ ያስረዳል።

በምሥራቅ ሕንድ፥ በኦዲሻ ግዛት፥ ኒያምጊሪ የሚባል ተራራ አለ። በዚያ የሚኖሩት ዶንግሪያ ኮንድ የተባሉት ነገዶች ተራራውን የአምላካቸው የኒያም ራጃ ማደሪያ ነው ብለው ያከብሩታል፤ የሚጠጡት ውሃም ከዚያው ይፈልቃል። በተራራው ራስ ላይ ግን አሉሚኒየም የሚወጣበት ቦክሳይት የሚባል ማዕድን ከ70 ሚሊዮን ቶን በላይ እንዳለ ተገመተ። ቬዳንታ የሚባለው ኩባንያም የቁፋሮው ፈቃድ ሳይጸና፥ ከተራራው ግርጌ በላንጂጋር ማጣሪያ ፋብሪካ ሠራ።

ባላገሮቹ ግን ተቃወሙ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2010 ዓመት የሕንድ የአካባቢና የደን ሚኒስቴር ፈቃዱን ከለከለ፤ የግዛቲቱ የማዕድን ድርጅትም ከሰሰ። የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2013 ዓመት በኤፕሪል 18 ቀን፥ የ2006ቱን የደን መብት ሕግ ተመልክቶ፥ ነገሩ ለመንደር ሸንጎዎች እንዲቀርብ ፈረደ። በዚያው ዓመት 12 መንደሮች ዳኛ በታዛቢነት ባለበት ተሰብስበው ተጠየቁ፤ 12ቱም እንቢ አሉ። በጃንዋሪ 2014 ሚኒስቴሩ ቃላቸውን አጸና። ፋብሪካው ግን ቦክሳይት አጥቶ በ2012 ዓመት መጨረሻ ለጊዜው ተዘግቶ ነበር፤ ከዚያ በኋላም ማዕድኑን ከሌላ ስፍራ ማምጣት ግድ ሆነበት።

«ለጥቂት ሺህ ሰዎች ሲባል የብዙዎች ጥቅም ይቅርን?» የሚል አይታጣም። ጥያቄው ቀላል አይደለም፤ የሥራና የገንዘብ ችግር ያለበት አገር ማዕድኑን መመኘቱ አያስነቅፈውም። ነገር ግን የብዙዎች ጥቅም ሲባል ጉዳቱ ሁሉ በጥቂቶቹ ላይ ብቻ ከወደቀ፥ ስሙ ልማት ቢሆንም ሥራው ቅሚያ ነው። ደግሞም የፈረሰ ቤት በካሳ ይሠራል፤ የተናደ ተራራ ግን በምንም ገንዘብ አይመለስም።

የሌላውን አምልኮ መከተል አንድ ነገር ነው፤ የተቀደሰ ነው የሚለውን ስፍራ አለማፍረስ ሌላ ነገር ነው። ሁለተኛው የፍትሕ ሥራ ነውና በማናቸውም ሃይማኖት ያለ ሰው ሊፈጽመው ይችላል።

እንግዲህ ለሹማምንት የሚተርፈው ትምህርት ይህ ነው፤ ባላገሩን መጠየቅ የመንግሥትን ሥልጣን አያሳንስም፥ ያጸናዋል እንጂ። ጥያቄውም መቅረብ ያለበት ፋብሪካው ከተሠራ በኋላ ሳይሆን፥ የመጀመሪያው ዶማ ሳይነሣ ነው። መልሱ እንቢታ ሊሆን እንደሚችል አስቀድሞ ያልተቀበለ ሰው፥ አስታወቀ እንጂ ጠየቀ አይባልም።